የቪዚዮ ፋይል 48 ሜጋ ሆኖ አልላክ ሲላችሁ

በቪዚዮ፣ በማይክሮሶፍቱ የዲያግራም መሳያ ፕሮግራም፣ የሰራሁት ሰባት ገጽ የኔትወርክ ድሮዊንግ ነው፣ ሳጥን፣ ቀስት፣ ስዊች፣ ራውተር፣ ምናምን። ጨርሼ ለደንበኛው ልልክ ስል ሳይዙን አየሁት፣ 48 ሜጋ። ጂሜይል በአታችመንት ከ25 ሜጋ በላይ አይልክም፣ ድራይቭ ላይ ሰቅዬ ሊንኩን ብልክላቸው የመስሪያ ቤቱ ኢንተርኔት ድራይቭን ዘግቶታል፣ ቴሌግራም እንዳልል "በኦፊሻል ኢሜይል ነው የምንቀበለው" አሉኝ፣ እሺ ዚፕ አርገህ ላከው ሲሉኝ ዚፕ አረኩትና 47.6 ሆነ። ግማሽ ሜጋ እንኳን አልቀነሰም እኮ። ለማንኛውም ያ ፋይል በመጨረሻ ከ4 ሜጋ በታች ሆኖ ነው የሄደው፣ አንድም ሳጥን ሳላጠፋ። እንዴት እንደሆነ ልጻፍላችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ፋይሉ ሲከብድበት መጀመሪያ የሚያረገው ገጽ መቀነስ ወይ ፋይሉን ለሁለት መክፈል ነው፣ እሱ ደግሞ ችግሩን አይነካውም።

መጀመሪያ ይሄን ያዙልኝ። ቪዚዮ ላይ የምትስሉት መስመርና ሳጥን ከምንም አይቆጠርም። አንድ ሳጥን ማለት ከዚህ ነጥብ እዚህ ነጥብ፣ ቀለሙ ይሄ፣ ጽሁፉ ይሄ ተብሎ በጽሁፍ የተጻፈ ነገር ነው። መቶ ሳጥን ብትጨምሩ እንኳን ያን ያህል አያስጨንቅም። የሚከብደው ከውጭ አምጥታችሁ የለጠፋችሁት ነው፦ ፎቶ፣ ስክሪንሾት፣ ኤክሴል፣ የአርክቴክቱ ፕላን፣ ከኩባንያዎች የወረደ ስቴንስል (ተስለው የተዘጋጁ ሼፖች ስብስብ)። ስለዚህ ከመቀነሳችሁ በፊት የትኛው እንደሆነ ፈልጉ፣ ዝም ብላችሁ ያገኛችሁትን አትቁረጡ።

መፈለጊያው ደሞ ቀላል ነው። ከቪዚዮ 2013 ጀምሮ ያለው ቪኤስዲኤክስ (vsdx) የሚባለው ፋይል ራሱ ዚፕ ነው፣ ስሙ ብቻ ነው የተለየው። (ዚፕ ሳረገው ያልቀነሰው ለዛ ነው፣ ዚፕ የሆነን ነገር እንደገና ዚፕ ብታረጉት ምን ይወጣዋል።) ስለዚህ የፋይሉን ኮፒ አውጡ፣ ኮፒ ነው ያልኩት ኦርጅናሉን እንዳትነኩት፣ ከዛ የኮፒው ስም መጨረሻ ላይ ያለውን ቪኤስዲኤክስ አጥፍታችሁ ዚፕ ብላችሁ ጻፉ። የፋይሉ መጨረሻ ካልታያችሁ ፎልደሩ ላይ ቪው ውስጥ ገብታችሁ ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ የሚለውን ራይት አርጉት። ዊንዶውስ "እንዲህ ካረክ ፋይሉ ላይሰራ ይችላል" ብሎ ያስፈራራችኋል፣ የስ በሉት። ከዛ ኤክስትራክት አርጋችሁ ቪዚዮ የሚለውን ፎልደር ክፈቱ።

ውስጡ ብዙ ፎልደር አለ፣ አራቱን ብቻ ነው የምትፈልጉት። ሚዲያ የሚለው ውስጥ ፎቶዎቹ አሉ። ኢምቤዲንግስ የሚለው ውስጥ ከሌላ ፕሮግራም የገቡ ነገሮች አሉ፣ ኤክሴል፣ ዎርድ፣ ምናምን። ማስተርስ የሚለው ከስቴንስል ያመጣችኋቸው ሼፖች ናቸው። ፔጅስ የሚለው ደግሞ ራሱ ስዕላችሁ። እያንዳንዱ ላይ ራይት ክሊክ አርጋችሁ ፕሮፐርቲስ ብትሉ ስንት ስንት እንደያዘ ይነግራችኋል። የኔ ምን ይመስል ነበር መሰላችሁ፦ ሚዲያ 23 ሜጋ፣ ኢምቤዲንግስ 21 ሜጋ፣ ማስተርስ 3 ሜጋ፣ ፔጅስና ሌላው ሁሉ ተደምሮ 1 ሜጋ ገደማ። ሁለት ቀን ሙሉ የተቀመጥኩበት ስዕል አንድ ሜጋ፣ በአምስት ደቂቃ ፔስት ያረኩት አርባ አራት ሜጋ።

ከኢምቤዲንግስ ልጀምር፣ ምክንያቱም እሱ የሳይዝ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የመጨረሻው ገጽ ላይ የእቃ ዝርዝር ቴብል አለ፣ 12 መስመር። ኤክሴል ላይ ሴሎቹን መርጬ ኮንትሮል ሲ፣ ቪዚዮ ላይ ኮንትሮል ቪ። የሚታየው 12 መስመር ነው፣ የገባው ግን ሙሉው የኤክሴል ፋይል ነው፣ ሁሉም ሺት፣ ሺቶቹ ላይ ያሉት የእቃ ፎቶዎች ሳይቀሩ። ቴብሉን ደብል ክሊክ ሳረገው ከስር ሺቶቹ ተዘረጉ፣ ሶስተኛው ሺት ላይ እያንዳንዱን እቃ በስንት እንደገዛሁትና ስንት እንደጨመርኩበት ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። ይሄንን ነው እንግዲህ ለደንበኛ ልልክ የነበረው። ኢሜይሉ አልሄድ ማለቱን ያመሰገንኩት የዛን ቀን ነው።

መፍትሄው፦ ቴብሉ በስዕልነት ይግባ። ኤክሴል ላይ ኮፒ ካላችሁ በኋላ ቪዚዮ ላይ ዝም ብላችሁ ፔስት አትበሉ፣ ሆም ታብ ላይ ፔስት ከሚለው ስር ያለችውን ትንሽ ቀስት ነክታችሁ ፔስት ስፔሻል ግቡ፣ እዛ ውስጥ ፒክቸር፣ ኢንሃንስድ ሜታፋይል የሚለውን ምረጡ። ቢትማፕ የሚለውን አይደለም፣ እሱ ዙም ሲደረግ ይበላሻል፣ ሜታፋይሉ ግን ጽሁፉ ጥርት እንዳለ ይቆያል። ድሮ የገባ ካለ ደግሞ እዛው ቪዚዮ ላይ መርጣችሁ ከት በሉና በዚሁ በፔስት ስፔሻል መልሱት። አዎ፣ ከዚህ በኋላ ደብል ክሊክ ብላችሁ ቁጥሩን ማስተካከል አትችሉም፣ ኤክሴሉ ላይ አስተካክላችሁ እንደገና መለጠፍ ነው። ለኔ ኪሳራ አይደለም፣ 21 ሜጋው አንድ መቶ ኬቢ አካባቢ ሆነ፣ ዋጋዬም ቤቱ ቀረ።

ቀጥሎ ፎቶ። የሰርቨር ክፍሉን ራክ፣ እቃዎቹ የሚደረደሩበትን ማለቴ ነው፣ በስልኬ አራት ፎቶ አንስቼ ገጹ ጥግ ላይ ትንንሽ አርጌ አስገብቻቸው ነበር፣ እያንዳንዳቸው 4 ሜጋ። እዚህ ጋ ሁሉም ሰው የሚሳሳታት ነገር አለች፦ ፎቶውን በጥጉ ይዛችሁ ስታሳንሱት የሚያንሰው ለአይን ብቻ ነው። ፋይሉ ውስጥ ያው 4000 በ3000 ፒክስል ሆኖ ተቀምጧል፣ 12 ሚሊዮን ነጥብ ማለት ነው፣ ገጹ ላይ ደግሞ 5 ሳንቲሜትር ነው የሚታየው። ለ5 ሳንቲሜትር በ150 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 150 ነጥብ) ብታስቡት እንኳን ከጎን ወደ ጎን 300 ፒክስል በቂ ነበር። ክሮፕም እንደዛው ነው፣ ቆርጣችሁ የጣላችሁት ክፍል ተደበቀ እንጂ አልጠፋም፣ ሌላ ሰው ክሮፑን መልሶ ሊከፍተው ይችላል። ፎቶው ዳር ላይ መታየት የሌለበት ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፓስወርድ (አይቻለሁ፣ አትሳቁ)፣ ክሮፕ አረኩት ብላችሁ እንዳትተማመኑ።

እኔ ለጥንቃቄ 800 በ600 አረጋቸዋለሁ፣ ሰውየው ትንሽ ዙም ቢያረግም እንዳይደበዝዝ። ቪዚዮ ውስጥ ማረግ ከፈለጋችሁ ፎቶውን ስትመርጡት ከላይ ፎርማት የሚል ታብ ይመጣል፣ እዛ ላይ ኮምፕረስ ፒክቸርስ አለ፣ ሲከፈት የተቆረጠውን ክፍል ማጥፊያም ሪዞሉሽን መቀነሻም አለው፣ ሁለቱንም ተጠቀሙ። እውነቱን ለመናገር ግን እኔ የምመርጠው ከማስገባቴ በፊት መቀነስ ነው፣ ፔይንት ከፍቶ ሪሳይዝ፣ ፒክስልስ፣ 800፣ አለቀ። ኮምፒውተር ላይ መቀመጥ ከሰለቻችሁ ደግሞ የሰነፍ ዘዴ አለች፣ ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ሴቭድ ሜሴጅስ ውስጥ እንደ ፋይል ሳይሆን እንደ ፎቶ ላኩት፣ ኤችዲ የሚለውን ሳትነኩ፣ ቴሌግራም ራሱ አሳንሶ ይሰጣችኋል፣ እሱን ዳውንሎድ አርጋችሁ አስገቡ። አራቱ ፎቶ ከ16 ሜጋ ተደምረው 400 ኬቢ አካባቢ ወረዱ።

ስክሪንሾት ትንሽ ይለያል። ስክሪናችሁ 1920 በ1080 ከሆነ አንድ ስክሪንሾት ሳይታመቅ 6.2 ሚሊዮን ባይት ነው፣ 6 ሜጋ በሉት፣ ቀጥታ ፔስት ስትሉ እንደዛው ሳይታመቅ የሚገባበት ጊዜ አለ፣ በተለይ ፋይሉ ከ2013 በፊት በነበረው በድሮው ቪኤስዲ (vsd) ከሆነ። ስለዚህ የሚያስፈልጋችሁን ቦታ ብቻ ስኒፕ አርጉ፣ ፒኤንጂ ብላችሁ ሴቭ አርጉት፣ ከዛ ኢንሰርት ብላችሁ አስገቡ። ለስክሪንሾትና ጽሁፍ ላለው ነገር ፒኤንጂ፣ በካሜራ ለተነሳ ነገር ጄፔግ። ገልብጣችሁ ፎቶን ፒኤንጂ ካረጋችሁት ያብጣል፣ ስክሪንሾትን ጄፔግ ካረጋችሁት ደግሞ ፊደሉ ዙሪያ ቆሻሻ የመሰለ ነገር ይመጣል።

ከሚዲያው የቀረው 7 ሜጋ ሎጎ ነበር። አዎ ሎጎ። ዲዛይነሩ ለባነር የሰራውን ትልቁን ፒኤንጂ ወስጄ ሰባቱም ገጽ ላይ አንድ በአንድ ኢንሰርት አርጌው ነበር፣ ሚዲያ ፎልደሩ ውስጥ ያው ሎጎ ሰባት ጊዜ ተደርድሮ ሳየው አፈርኩ። ለዚህ ነገር ባክግራውንድ ፔጅ የሚባል አለላችሁ። ኢንሰርት ታብ፣ ኒው ፔጅ ከሚለው ስር ያለውን ቀስት፣ ባክግራውንድ ፔጅ። እዛ ላይ ሎጎውን፣ የፕሮጀክቱን ስም፣ ዳሩ ላይ ያለውን ፍሬም፣ የሳለው ያጸደቀው ምናምን የሚለውን ሳጥን አንዴ ታስቀምጣላችሁ። ከዛ እያንዳንዱ ገጽ ከታች ስሙ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፔጅ ሴታፕ፣ ፔጅ ፕሮፐርቲስ፣ ባክግራውንድ የሚለው ጋ ያንን ገጽ ምረጡለት። ሰባቱም ገጽ ላይ ይታያል፣ ፋይሉ ውስጥ ግን አንድ ነው። ሳይዙን ትታችሁት እንኳን ቀኑ ሲቀየር ሰባት ቦታ ከመዞር ያድናችኋል።

አሁን ወደ ማስተርስ፣ ይሄኛው ትንሽ ጠለቅ ይላል። ከስቴንስል አንድ ሼፕ ጎትታችሁ ገጹ ላይ ስታስቀምጡ ቪዚዮ የሼፑን ዋና ቅጂ፣ ማስተር የሚባለውን፣ ፋይላችሁ ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ገጹ ላይ ያለው ወደዛ የሚያመለክት ነው። 30 ጊዜ ብትጠቀሙበት ማስተሩ አንድ ነው፣ ቆንጆ አሰራር ነው። ግን ያንን ሼፕ ከገጹ ላይ ብታጠፉት ማስተሩ አይጠፋም። ሞክራችሁ "አይ ይሄ አይሆንም" ብላችሁ ያጠፋችሁት ሁሉ ተሰብስቦ ተቀምጧል። የኔትወርክ ሰዎች ላይ ይሄ ይብሳል፣ ምክንያቱም እቃ አምራቾቹ የሚለቋቸው የራክ ስቴንስሎች እያንዳንዷ ፖርት፣ መብራቷ፣ ብሎኗ ሳትቀር ተስላ ነው የምትመጣው፣ አንድ 48 ፖርት ስዊች ውስጡ በመቶ የሚቆጠር ትንንሽ ሼፕ ሊኖረው ይችላል። የምትስሉት ሎጂካል ዲያግራም (ምን ከምን ጋር እንደተገናኘ ብቻ የሚያሳይ) ከሆነ ለምን ብሎኑ ያስፈልጋችኋል? ቪዚዮ ራሱ ያለውን ተራውን የስዊች ምልክት ተጠቀሙ፣ ዝርዝሩን ለራክ ገጹ ብቻ ተዉት።

ምን እንደተከማቸ ማየት ከፈለጋችሁ ሞር ሼፕስ ውስጥ ሾው ዶክመንት ስቴንስል የሚለውን ክፈቱ። የማትጠቀሙበትን ከዛ ላይ ማጥፋት ትችላላችሁ፣ ግን ተጠንቀቁ፣ ገጹ ላይ እየሰራ ያለ ሼፕን ማስተር ካጠፋችሁት ሼፑ አይጠፋም፣ ከዛ ወዲህ ግን እያንዳንዱ ሙሉ ስዕሉን ራሱ ተሸክሞ ይኖራል፣ 30 ከሆነ 30 ጊዜ፣ ስለዚህ ልቀንስ ብላችሁ ትጨምራላችሁ። አንግሩፕም (የተያያዘውን ሼፕ መበታተን) እንደዛው፣ ከስቴንስል የመጣን ሼፕ አንግሩፕ ስትሉ ቪዚዮ "ከማስተሩ ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጣል" የሚል ማስጠንቀቂያ ያመጣል፣ ሁላችንም ሳናነብ ኦኬ እንላለን። አታርጉት፣ ቀለም ለመቀየር ከሆነ አንግሩፕ ሳትሉም ግሩፑ ውስጥ ገብታችሁ አንዱን ክፍል መርጣችሁ መቀየር ይቻላል።

በእጅ ከመልቀም ግን ለዚህ የተሰራ ነገር አለ። ፋይል፣ ኢንፎ፣ ቼክ ፎር ኢሹስ ውስጥ ስትገቡ ሪሙቭ ሂድን ኢንፎርሜሽን የሚል መስኮት ይከፈታል፣ ሁለተኛው ታብ ፋይል ሳይዝ ሪዳክሽን ነው። ጥቅም ላይ ያልዋሉ ማስተሮችን፣ የቀለም ቲሞችንና ስታይሎችን እንዲሁም የፕሪቪው ፒክቸሩን ያጠፋላችኋል። ብዙ ጽሁፍ ላይ ይሄንን እንደ መጀመሪያ መፍትሄ ነው የሚሰጡት፣ እኔ ግን ወደ መጨረሻ ያመጣሁት በምክንያት ነው፣ ፎቶና ኤክሴል እስካለ ድረስ ይሄ ቁልፍ ከ48 ሜጋ 2 ሜጋ ነው የሚነሳላችሁ፣ ከዛ "አይሰራም" ብላችሁ ትተዉታላችሁ። የመጀመሪያው ታብ ላይ ደግሞ ስማችሁንና የመሳሰለውን ማጥፊያ አለ፣ ለጨረታ የሚገባ ከሆነ እሱንም እዩት። እና ይሄን ስታረጉ ኮፒ ላይ አርጉ፣ ለሌላ ስራ ቴምፕሌት ያረጋችሁት ፋይል ከሆነ ያልተጠቀማችሁበትን ማስተር ሁሉ ጠርጎ ነው የሚወስድባችሁ።

ሌላ አጠር አጠር ያሉ፦ ፋይሉ አሁንም በድሮው ቪኤስዲ ከሆነ ሴቭ አዝ ብላችሁ ቪኤስዲኤክስ አርጉት፣ ምንም ሳትነኩ ብቻውን ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፣ ተቀባዩ ቪዚዮ 2010 ወይ ከዛ በታች የሚጠቀም ከሆነ ግን ቀጥታ አይከፍትለትም ጠይቁት። ከኤክሴል ወይ ከዳታቤዝ ዳታ ያገናኛችሁበት ካለ የዳታው ቅጂ ፋይሉ ውስጥ ይቀመጣል፣ የማያስፈልግ ከሆነ ከኤክስተርናል ዳታ መስኮቱ ላይ አጥፉት። የአርክቴክቱን የአውቶካድ ፕላን ከስር አንጥፋችሁ ካሜራና አክሰስ ፖይንት የምትደረድሩ ደግሞ ፕላኑን ከማስገባታችሁ በፊት አርክቴክቱን ፐርጅ አርጎ (ጥቅም ላይ ያልዋለውን ጠርጎ)፣ ወንበር፣ አልጋ፣ የመታጠቢያ ቤት እቃ ያለበትን ሌየር አጥፍቶ እንዲሰጣችሁ ለምኑት። ከገባ በኋላ ኮንቨርት ብላችሁ ወደ ቪዚዮ ሼፕ የመቀየር ፈተና ይመጣባችኋል፣ እያንዳንዷ መስመር የራሷ ሼፕ ሆና ኮምፒውተራችሁ ይንቀራፈፋል፣ ይቅርባችሁ።

ሰውየው ኤዲት የማያረግ ከሆነ ደግሞ ለምን ቪዚዮውን ትልኩለታላችሁ፣ ፒዲኤፍ አርጉለት። ሴቭ አዝ ላይ ፒዲኤፍ ስትመርጡ ከስር ኦፕቲማይዝ ፎር የሚል አለ፣ ሚኒመም ሳይዝ የሚለውን ምረጡ፣ ፎቶዎቹን ነው የሚቀንሰው፣ መስመሩና ጽሁፉ ምንም አይሆንም፣ ምን ያህል ዙም ቢደረግ ጥርት እንዳለ ነው።

ከዛ ማህተም የሚባል ነገር ይመጣል። ይሄ የኛ አገር ችግር ነው፣ ሌላ ቦታ የተጻፈ ምክር ላይ አታገኙትም። ያችን 400 ኬቢ የነበረች ፒዲኤፍ ፕሪንት ያረጓታል፣ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ማህተም ይመቱበታል፣ ከዛ በከለር በ300 ዲፒአይ ስካን ያረጓታል፣ አንድ ኤ3 ገጽ 4961 በ3508 ፒክስል፣ 17 ሚሊዮን ነጥብ፣ መስመር የነበረው ሁሉ ፎቶ ሆነ ማለት ነው፣ ሰባት ገጽ ሆኖ ስንት ሜጋ እንደሚሆን አስቡት፣ ፊደሉም አይነበብ፣ ሰርች ብትሉም አያገኝም። እኔ አሁን የማረገው ማህተሙን የሽፋን ደብዳቤው ላይ ብቻ ማስመታት ነው፣ ደብዳቤው ላይ "አባሪ 7 ገጽ" ብዬ እጽፋለሁ፣ ደብዳቤውን ብቻ በ150 ወይ በ200 ዲፒአይ ስካን አርጌ ከዋናው ፒዲኤፍ ፊት እቀጥለዋለሁ። አንዳንድ ቦታ "እያንዳንዱ ገጽ ላይ ካልሆነ" ይላሉ፣ እዛ ጋ ምንም ማረግ አይቻልም፣ ሃርድ ኮፒውን ማህተም አስመትታችሁ በእጅ አድርሱ፣ ሶፍት ኮፒውን ንጹህ ላኩ።

ቪዚዮ የሌላችሁ፣ ተማሪዎች በተለይ፣ ድሮው አይኦን (draw.io የሚባለውን ፕሮግራም) ነው የምትጠቀሙት፣ ጥሩ ነው፣ ነጻ ነው፣ ኮምፒውተር ላይ ጭናችሁ ያለ ኢንተርኔትም ይሰራል። እሱ ላይም በሽታው ያው ነው፣ ፎቶ። ድሮው አይኦ ፋይሉ ጽሁፍ ስለሆነ ፎቶ ስታስገቡ ፎቶውን ወደ ፊደል ቀይሮ ነው የሚጽፈው፣ በዚህ ብቻ ሳይዙ አንድ ሶስተኛ ያህል ይጨምራል፣ 3 ሜጋ የነበረው 4 ይሆናል። ትልቅ ፎቶ ጎትታችሁ ስትጥሉበት ላሳንሰው ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ አሳንሰው በሉት። ፋይል፣ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ደግሞ ኮምፕረስድ የሚል ሳጥን አለ፣ ራይት አርጉት። ለሲኒየር ፕሮጀክታችሁ ወደ ፒኤንጂ ኤክስፖርት ስታረጉ ኢንክሉድ ኤ ኮፒ ኦፍ ማይ ዳያግራም የሚለውን አንሱት፣ እሱ ካለ ምስሉ ውስጥ ሙሉ ድሮዊንጉን ደብቆ ነው የሚያስቀምጠው፣ ዙሙንም ሳያስፈልግ 400 ፐርሰንት አታርጉት፣ ዎርድ ላይ ለሚገባ 200 ይበቃል።

ወደኔ ፋይል ስመለስ፣ የቀለለው ፋይል ሄደ፣ ደረሰን አሉ። በሶስተኛው ቀን ኢንጂነሩ ደወለልኝ፣ "ወንድሜ፣ የራኩ ፎቶ ላይ ያለችው ዩፒኤስ ሲሪያል ነምበሯ አይነበብም፣ ዙም ባረገው እንቢ አለኝ።" ኦርጅናሎቹን ፎቶዎች ከስልኬ ከማጥፋቴ በፊት ለብቻ ፎልደር ውስጥ ገልብጫቸው ስለነበር ከፍቼ አነበብኩለት።